አንድ ሸክም እንጨት ስንት ሙቀት ይዟል?

አቃቂ ቃሊቲ በእሳት የሚሠራ ክፍለ ከተማ ነው። ብረት ይቀልጥበታል፣ ብስኩት ይጋገርበታል፣ ፓስታ ይደርቅበታል። ከፋብሪካዎቹ አጥር ውጭ ደግሞ በየጓሮው ምጣድ ይጣዳል፣ በየደጁ ከሰል ይቀጣጠላል። ለዚህ ሁሉ የሚገዛው ማገዶ በመልክ ይለያይ እንጂ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለአንድ ነገር፣ ለሙቀት ነው። የሚከፍለው ግን በሌላ መስፈሪያ ነው፤ እንጨት በሸክም ወይም በኪሎ፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ ናፍጣ በሊትር፣ የድንጋይ ከሰል በቶን። ከእነዚህ መስፈሪያዎች አንዱም በውስጡ ስንት ሙቀት እንዳለ አይናገርም። ያንን የሚናገረው መሣሪያ ካሎሪሜትር ይባላል። የላብራቶሪ ዕቃ ነው፤ አሠራሩ ግን መደመርና ማባዛት የሚችል ሁሉ ሊከተለው የሚችል ነው።

ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር የሚያነበው መጠነ ሙቀትን ነው፤ አንድ ነገር ምን ያህል እንደጋለ ማለት ነው። ሙቀት ደግሞ ከጋለው ወደ ቀዘቀዘው የሚተላለፈው ኃይል ነው። ከጀበና የተቀዳ አንድ ስኒ ቡና አፍ ያቃጥላል፤ በርሜል ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ግን እጅ ቢነክሩበት ምንም አያደርግም። ሆኖም ከስኒው ይልቅ በርሜሉ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት ተሸክሟል፤ ቤተሰብ በሙሉ ገላውን ይታጠብበታል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ብቻውን ሙቀትን አይለካም። ምን ያህል እንደጋለ ብቻ ሳይሆን የጋለው ነገር ምን እንደሆነና ስንት እንደሚመዝንም ማወቅ ግድ ነው።

ሙቀትን በቀጥታ የሚያይ መሣሪያ እስካሁን የለም። ሁሉም ካሎሪሜትሮች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። የማይታወቀውን ሙቀት፣ ጠባዩን አስቀድመን በምናውቀው ነገር ላይ ያሳርፉና ያ ነገር ምን ያህል እንደተለወጠ ያነባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያ የታወቀ ነገር ውሃ ነው። 1 ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.18 ጁል ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህ መጠን የድሮዋ 1 ካሎሪ ናት። የውሃው ክብደት በግራም ሲባዛ በ4.18፣ ሲባዛ በጨመረው ዲግሪ፣ ውሃው የተቀበለውን ሙቀት በጁል ይሰጣል። የቀረው ጥበብ ሙቀቱ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሸሽ መጠበቅ፣ ከሸሸም ምን ያህል እንደሸሸ ማወቅ ነው።

በቀላሉ እንጀምር። 100 ግራም የሚመዝን ብረት በክር ታስሮ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ፈጥኖ ወጥቶ 20 ዲግሪ ላይ ያለ 200 ግራም ውሃ በያዘ የፎም ኩባያ ውስጥ ይነከራል። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ያ ቦታ አቃቂ ላይ 23.7 ዲግሪ ገደማ ነው። ብረቱ ወደ 70 ዲግሪ ያህል ሲወርድ ውሃው ግን 4 ዲግሪ እንኳ አልወጣም። ውሃው የተቀበለው ሙቀት 200 ሲባዛ በ4.18፣ ሲባዛ በ3.7፣ ወደ 3,100 ጁል ነው። ይህን ለብረቱ ክብደትና ለወረደው ዲግሪ ስናካፍል 0.45 ጁል እናገኛለን። ብረት በግራም በዲግሪ የሚሸከመው ሙቀት ይህ ነው፤ የውሃን አንድ ዘጠነኛ ያህል ማለት ነው።

ለአቃቂ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመማሪያ መጻሕፍት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላሉ። ያ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። አቃቂ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ተማሪው ቴርሞሜትሩን ሳያይ ብረቱ በ100 ዲግሪ ገባ ብሎ ካሰላ ውጤቱ 0.45 ሳይሆን 0.41 ይሆንበታል። ሙከራውን በጥንቃቄ ሠርቶ ወደ 10 በመቶ ይሳሳታል፤ የተሳሳተበትንም ምክንያት ኩባያው ላይ ወይም ሚዛኑ ላይ ሲፈልግ ይውላል። በደጋው አገራችን ያሉ መምህራን ይህን አንድ ነጥብ አጥብቀው ቢይዙት እጅግ ብዙ ግራ መጋባት ይቀራል።

ከብረት ወደ ኬሚካል ስንሻገር መርሁ አይለወጥም። ማዳበሪያ ለሚያውቅ ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዩሪያ ነው። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ዕቃው እጅ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የሟሟው ነገር ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ከውሃው ነው። በክዳን በተከደነ የፎም ኩባያ 200 ግራም ውሃ ላይ 20 ግራም ዩሪያ ጨምሮ ቢያማስሉ መጠነ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። በውሃው ብቻ ብናሰላ 4,600 ጁል፣ ማለትም በግራም 230 ጁል ይወጣል። በላብራቶሪ በትክክል ሲለካ ደግሞ ወደ 250 ይጠጋል። ልዩነቱ ወዴት ሄደ? ከፊሉ የሟሟው ዩሪያ ራሱም፣ ኩባያውም፣ ቴርሞሜትሩም ስለቀዘቀዙና ስላልቆጠርናቸው ነው። ከፊሉ ደግሞ ከክፍሉ አየር ቀስ እያለ የገባ ሙቀት ነው። ጥሩ ለኪ እነዚህን አይረሳም። ከመጨመሩ በፊትም በኋላም በየደቂቃው መጠነ ሙቀቱን ይመዘግባል፤ መስመሩን ወደ ኋላ ስቦም ምንም ሙቀት ባይገባ ኖሮ ውሃው የት ይደርስ እንደነበር ያገኛል።

ተቃራኒው ኖራ ነው። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው በግራም ከ1,000 ጁል በላይ ሙቀት ይለቃል፤ ጥቂቱ እንኳ ውሃውን አፍልቶ ሊረጭ ይችላል። በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የከፋ በመሆኑ ኖራን ለቤት ሙከራ አልመክርም። ሲሚንቶም ከውሃ ሲገናኝ እንዲሁ ይሞቃል፣ ግን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው። ለቤት ወለል ይህ ምንም አይደለም። ግድብን በሚያህል ወፍራም ኮንክሪት ውስጥ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ውስጡ ሞቆ ውጩ ሲቀዘቅዝ ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የግድብ መሐንዲሶች የሲሚንቶውን ሙቀት ቀን ከሌት በሚመዘግብ ካሎሪሜትር አስቀድመው ያስለካሉ።

መጠነ ሙቀቱ ምንም ሳይለወጥ ሙቀት የሚዋጥበት ጊዜም አለ። ይህን በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው። እየቀለጠ ያለ በረዶ እሳት ቢጨመርበትም ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ከ0 ዲግሪ አይነቃነቅም፤ እያንዳንዱ ግራም 334 ጁል ይውጣል። በፓሪስ አንቷን ላቮይዜና ፒየር ላፕላስ ይህንኑ ወደ መሣሪያነት ለወጡት። በ1782 እና በ1783 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው የአውሮፓ የብርድ ወቅት በበረዶ የተከበበ ዕቃ ሠርተው፣ በመሐሉ ትንሽ እንስሳ፣ ጊኒ ፒግ፣ አስቀመጡ። ቴርሞሜትር አላስፈለጋቸውም፤ ከታች የተንጠባጠበውን ውሃ መመዘን በቂ ነበር። እንስሳው የተነፈሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚነድ ከሰል ጋር አነጻጽረው መተንፈስ ዝግ ያለ መንደድ ነው ብለው ደመደሙ። ዛሬ በየብስኩቱ መጠቅለያ ላይ የምናነበው የካሎሪ ቁጥር ዘሩ የተዘራው እዚያ ነው።

በአቃቂ የብረት ማቅለጫዎች ይህ የተዋጠ ሙቀት በየቀኑ ገንዘብ ይከፈልበታል። በቀድሞ ስሙ የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ እየተባለ በሚታወቀው ዓይነት ሥራ ቤት፣ ብረት ቀልጦ ወደ ቅርጽ ይፈሳል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ላይ ነው። ቅድም ያገኘነውን 0.45 ይዘን ብናሰላ አንድ ኪሎ ብረትን እዚያ ለማድረስ ወደ 680 ኪሎ ጁል ይበቃል የሚል መልስ እናገኛለን። እውነቱ ግን ከ1,000 በላይ ነው። ብረት እየጋለ በሄደ ቁጥር የሚሸከመው ሙቀት ይጨምራል፤ በመንገዱም ላይ ውስጣዊ አቀማመጡ ይለዋወጣል። ከዚያ በኋላ ለመቅለጥ ብቻ፣ አንድ ዲግሪ ሳይጨምር፣ ሌላ 247 ኪሎ ጁል ይጠይቃል። እነዚህን ቁጥሮች ያወጣ ዘንድ የተሠራ ካሎሪሜትር አለ። ሁለት ጥቃቅን ሳህኖች ጎን ለጎን እኩል ይሞቃሉ፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ሌላው ጥቂት ሚሊ ግራም ናሙና ይዟል። ናሙናው መቅለጥ ሲጀምር ከባዶው እኩል ለመራመድ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ መሣሪያው የሚመዘግበው ያንን ተጨማሪ ነው። የመድኃኒትና የፕላስቲክ አምራቾችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ማገዶ እንምጣ። የሚነድ ነገርን በፎም ኩባያ መለካት አይቻልም። በ1870ዎቹ መጨረሻና በ1880ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ማርሰላን በርተሎ ለዚህ መላ አገኘ፤ ቦምብ ካሎሪሜትር ተባለ። ስሙ ያስደነግጥ እንጂ ቦምቡ በጥብቅ የሚዘጋ ወፍራም የብረት ዕቃ ነው። 1 ግራም ያህል እንጨት ወይም ከሰል ተፈጭቶ፣ እንደ ኪኒን ተጠፍጥፎ በትንሽ ሳህን ላይ ይቀመጣል። ቀጭን ሽቦ ይነካዋል። ዕቃው ተዘግቶ ከአየር ግፊት 30 እጥፍ በሚሆን ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይሞላል፤ እንዲህ ከሆነ ጭስም ጥላሸትም አይተርፍም። ከዚያ 2 ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ ይነከርና ማማሰያው መዞር ይጀምራል። ኤሌክትሪክ ሽቦውን ሲያግለው ናሙናው በቅጽበት ይነዳል፤ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም፣ ቴርሞሜትሩ ብቻ ሽቅብ ይወጣል።

የሚሞቀው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ብረቱም ማማሰያውም ይሞቃሉ። ሁሉንም አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ ለኪዎች ብልሃት አላቸው። መጀመሪያ ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ነገር ያነዳሉ፤ ቤንዞይክ አሲድ። 1 ግራሙ 26.4 ኪሎ ጁል ይሰጣል። ይህ መጠነ ሙቀቱን በ2.64 ዲግሪ ከፍ ካደረገ፣ መሣሪያው በሙሉ በዲግሪ 10 ኪሎ ጁል ይውጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። በዚሁ መሣሪያ 1 ግራም ፍጹም የደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት ቢነድ ዲግሪው 1.9 ያህል ይጨምራል፤ 19 ኪሎ ጁል ነው። ጥሩ ከሰል 2.9፣ ላምባ ደግሞ 4.6 ያህል ያስወጣሉ።

ከሰሉ እንጨቱን የበለጠው ከሰል መሆን ሙቀት ስለጨመረለት አይደለም። በባህላዊው የአፈር ክምር 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይፈጃል። ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ በላይ የሆነው በጭስ መልክ እዚያው ገጠር ውስጥ ይቀራል። በማዳበሪያ ተጭኖ ቃሊቲ የሚደርሰው ትራፊው ነው።

ምግብም በቦምብ ካሎሪሜትር ይነዳል። በ1938 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የቃሊቲ ምግብ ፋብሪካ የሚጋገረውን ዓይነት ብስኩት ፈጭቶ ማንደድ ምንም አያስቸግርም። የሚወጣው ቁጥር ግን መጠቅለያው ላይ ከሚጻፈው ይበልጣል፤ ሆድ እንደ ቦምብ ሁሉን አያነድም። አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሰዎችን ክፍል በሚያህል ካሎሪሜትር ውስጥ አስገብቶ፣ የበሉትንም የወጣቸውንም ለካ። ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም 4፣ ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ የሚሉት ዛሬም የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ከእርሱ ሥራ የመጡ ናቸው። ፕሮቲን በቦምብ ውስጥ 23 ኪሎ ጁል ተኩል ያህል ሲሰጥ ለሰውነት የሚተርፈው 17 ገደማ ነው። የተቀረው ሙቀት በአብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ ቅድም ውሃ ውስጥ ባሟሟነው በዚያው ዩሪያ ውስጥ ታስሮ። ስለዚህ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 360 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ አለው ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የተሰላው በእነዚህ ማባዣዎች ነው።

ከምግብ ይልቅ ግን ቁጥር አሳሳች የሚሆነው በማገዶ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ውሃ ነው። በቦምቡ ውስጥ ከእንጨቱ የወጣው እንፋሎት መሄጃ ስለሌለው ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ሲሆንም ይዞት የነበረውን ሙቀት ይመልሳል። ምድጃ ላይ ግን እንፋሎቱ ከጭሱ ጋር አምልጦ ይሄዳል። ስለዚህ ለኪዎች ከቦምቡ ቁጥር ላይ ይህን ይቀንሳሉ። 19 የነበረው የደረቅ እንጨት ቁጥር ለምድጃ በግራም ወደ 17.7 ኪሎ ጁል፣ ማለትም በኪሎ ወደ 17.7 ሜጋ ጁል ይወርዳል። ይህ ገና ፍጹም ለደረቀው ነው። ገበያ ላይ ያለ እንጨት ሁሉ ውሃ አለበት፤ ያ ውሃ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። በመጀመሪያ እንጨት ተብሎ ይመዘናል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ኪሎ ውሃ ለመትነን 2.4 ሜጋ ጁል ያህል ከእንጨቱ ሙቀት ይወስዳል። በፀሐይ በደንብ የደረቀ፣ 15 በመቶ ውሃ ያለው እንጨት በኪሎ 14.7 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። ገና የተቆረጠ፣ ግማሹ ውሃ የሆነ ደግሞ 7.6 ብቻ። ሁለቱ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው።

ካሎሪሜትሩ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን እንጂ ድስቱ የሚያገኘውን አይናገርም። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ወደ ድስቱ ይገባል። በአገራችን የተስፋፉት ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃና ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ የተነሱት ይህን ለማሻሻል ነው። ምድጃ የሚፈተነውም በዚያው በካሎሪሜትር ሐሳብ ነው። የታወቀ ውሃ ይጣዳል፣ ያለቀው ማገዶ ይመዘናል፣ የሞቀውና የተነነው ውሃ ይሰላል፣ ሁለቱ ይነጻጸራሉ።

የውሃው ጉዳይ ከጓሮ አልፎ እስከ ከተማ ይደርሳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረጲ፣ ቆሼ በተባለው ሥፍራ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ። እዚያው አጠገብ፣ ቆሻሻን አንድዶ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ሲገነባ የቆየው የረጲ ጣቢያ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያነድ የታቀደ ነበር። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሊሠራ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ የጭስ ማውጫው ቁመት ወይም የተርባይኑ ጉልበት አይደለም፤ ቆሻሻው በኪሎ ስንት ሙቀት አለው የሚለው ነው። የዓለም ባንክ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የቆሻሻው አማካይ ከ7 ሜጋ ጁል እንዳያንስ፣ በየትኛውም ወቅት ከ6 በታች እንዳይወርድ ይመክራል። ከዚያ ካነሰ እሳቱ ራሱን አይችልም፤ ነዳጅ እየተረጨለት ይነዳል።

አሁን ቅድም ለእንጨት የሠራነውን ስሌት እንድገመው። የቆሻሻው ደረቅ ክፍል በኪሎ 17 ሜጋ ጁል አለው ብለን እንነሳ። ግማሹ ውሃ ከሆነ 7.3 ይሰጣል፤ ያልፋል። ውሃው ከ50 ወደ 60 በመቶ ከፍ ቢል ግን 5.3 ይሆናል፤ ይወድቃል። ከአትክልት ተራ ልጣጭና ቅጠል፣ ከየቤቱ የወጥ ትራፊ በሚመጣበት፣ ደረቁ ፕላስቲክና ካርቶን ደግሞ በቆራሊዮው አስቀድሞ በሚለቀምበት ከተማ፣ አሥር በመቶ ውሃ በክረምት ዝናብ በቀላሉ ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ የሚሆን ልኬት በበጋ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ናሙና ሊሆን አይችልም። በየወሩ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ ከየክፍለ ከተማው መወሰድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የውጭውን የድንጋይ ከሰል በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካት ሲሞክሩም የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ከሰሉ አመድና ውሃ ከበዛበት ቶኑ ረክሶ ሙቀቱ ይወደዳል። የከሰል ውል በቶን ብቻ ሳይሆን በኪሎ ካሎሪ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ቦምብ ካሎሪሜትር የለም፤ ለእንጨት ግን የወጥ ቤት ሚዛን ብዙውን ይሠራል፤ የባሕር ዛፍ ደረቅ ሙቀት ከቁራጭ ቁራጭ ብዙም ስለማይለያይ የሚለያየው ውሃው ነው። ከሸክሙ መሐል አንድ ቁራጭ ይመዘናል፤ 400 ግራም ነው እንበል። በስሱ ተሰንጥቆ፣ ከተጋገረበት ትኩስ ምድጃ አጠገብ እሳት ሳይነካው፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል። 260 ላይ ከቆመ 140 ግራሙ ውሃ ነበር፤ 35 በመቶ ማለት ነው። ይህ እንጨት በኪሎ 10.6 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል፤ በፀሐይ ከደረቀው ከሩብ በላይ ያነሰ። ሻጩ ለሁለቱም በኪሎ እኩል ዋጋ ከጠየቀ፣ ለእርጥቡ መከፈል ያለበት ከደረቁ ዋጋ 72 በመቶ ያህሉ ነው።